አዌቱ ቦዬ ሲደርስ፦ የጅማ ሕዝብ መብዛትና የአንድ ረግረግ ጉዳይ

የአዌቱ ወንዝ ጅማን ከሰሜን ወደ ደቡብ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ቂጦና ሌሎች ትናንሽ ጅረቶችም የየሰፈራቸውን ውሃ እየሰበሰቡ ወደ ታችኛው ሜዳ ይወርዳሉ። ከተማው በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚያልቅበት፣ ውሃውም ፍጥነቱን ጥሎ የሚያርፍበት ስፍራ ቦዬ ይባላል። ሰው ጉማሬ ለማየት የሚሄድበት፣ አናቱ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ጥቁር ክሬን የሚመገብበት፣ እንደ ቄጠማ ያለ ውሃ ወዳድ ተክል የሚበቅልበት ረግረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ውሃው ግልገል ጊቤን ተቀላቅሎ በ1996 ዓ.ም ወደ ተመረቀው፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው ግድብ ይጓዛል።

እንግዲህ ከጅማ ግቢዎች የሚወጣ ፍሳሽ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ጎርፍ፣ ቱቦ ዳር የተጣለ ፌስታል አብዛኛው መንገዱ ወደዚያው ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ቦዬን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያገኘዋል፤ የሚገባበት ቆሻሻ ይበዛል፣ ቆሻሻውን የሚያጣራበት ስፋትም ያንሳል። በስብሰባ ላይ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ግን ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚባዙ ነው። እንዴት እንደሚባዙ ከታች በቁጥር እናሳያለን።

የሰው ቁጥር ከየት መጣ

በ1987 ዓ.ም ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 88,867 ነበር። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 120,960 ደረሰ። 13 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 32,093 ሰው፣ ማለትም ከሲሶ በላይ፣ ተጨመረ ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ ከተማው 50.52 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 32,191 አባወራና እማወራ ይዞ ተመዝግቧል፤ በአማካይ በአንድ ቤት 3.76 ሰው። ከዚያ ወዲህ በአገር ደረጃ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ የውሃም፣ የቆሻሻም፣ የመሬትም ዕቅድ የሚሠራው በግምት ነው፤ ግምቱ ዝቅ ካለ ደግሞ ልዩነቱን የሚሸከመው ረግረጉ ነው።

ይህን እድገት የከተማው ሰው ብዙ በመውለዱ ማሳበብ ያሳስታል። በ2008 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ ከተሞች አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 2.3 ልጅ ሲሆን በገጠር 5.2 ነው። የጅማ ዞን ሕዝብ በ1999 ዓ.ም 2,486,155 ነበር፤ ከመቶው 94 የሚሆነው የገጠር ነዋሪ ነበር። በኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130/1999 መሠረት ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ይዞታ ከግማሽ ሄክታር በታች፣ ቋሚ ተክል ያለበት ደግሞ ከሩብ ሄክታር በታች መሸንሸን እንደሌለበት ተደንግጎ ነበር። አንድ ሄክታር የበቆሎና የጤፍ ማሳ ያለው አባት አራት ልጆች ቢኖሩት ያንን ሕግ ጠብቆ ሊያካፍል የሚችለው ለሁለቱ ነው። የቀሩት ሁለቱ ጅማ ገብተው ቤት ይከራያሉ። ታሪኩ የሚቀጥለው ከዚያች የኪራይ ቤት ነው።

አንድ ግቢ በቅርበት ሲታይ

የተለመደውን ግቢ እንውሰድ። ባለቤቶቹ አራት ሰዎች ናቸው። ሽንት ቤቱ 1 ሜትር በ1 ሜትር ሆኖ 3 ሜትር የተቆፈረ ነው። የላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ መቆየት ስላለበት ለአገልግሎት የሚውለው 2.5 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር ዝቃጭ ይጠራቀማል ተብሎ ይሰላል። አራት ሰው 240 ሊትር ነው፤ ጉድጓዱ ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል።

አከራዩ በግቢው ጥግ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ይሠራል። በየክፍሉ ሁለት ሰው ሲገባ ግቢው 12 ሰው ይሆናል። ጉድጓዱ ያው ነው። አሁን በዓመት 720 ሊትር ይገባበታል፤ የ10 ዓመቱ ጉድጓድ በ3 ዓመት ተኩል ይሞላል። አከራዩ ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ዘመን ነው፤ «ይሄ ጉድጓድ ገና ነው» ይላል።

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልባት አገር ናት። በወንዙና በረግረጉ ዳር ባሉ ሰፈሮች በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ይጠጋል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ታች ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት፣ ከውሃ ጉድጓድ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። በዝቅተኛው ሜዳ ላይ የተቆፈረ 3 ሜትር ጉድጓድ በሐምሌ ይህን ሊያሟላ አይችልም፤ ውሃው ከታች ይገባበትና ዝቃጩን ወደ ላይ ያነሳዋል። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚገኘው መላ ከጉድጓዱ አናት አጠገብ ቱቦ ሰክቶ ወደ መንገድ ዳር ቦይ መልቀቅ ነው። ቦዩ ወደ ጅረቱ፣ ጅረቱ ወደ አዌቱ ይወርዳል።

መጣጭ መኪና ማስመጣት ትክክለኛው መፍትሔ ሆኖ ሳለ ሳይሳካ የሚቀርበት ምክንያት ተግባራዊ ነው። ሰርቪሶቹ የግቢውን መግቢያ ስላጠበቡት መኪናው ይቆምና ቱቦው አይደርስም። ቢደርስም የደረቀው ዝቃጭ ወፍራም ነው፤ ጨርቅ፣ የንጽሕና መጠበቂያና ፌስታል ተጥሎበት ከሆነ ቱቦው ይታፈናል። ስለዚህ አዲስ ሰርቪስ የሚሠራ ሰው ግድግዳ ከማቆሙ በፊት ሦስት ነገር ይወስን፦ ጉድጓዱ ከመንገድ ከ30 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይሁን፣ ወለሉ ላይ ቱቦ የሚገባበት ክዳን ያለው ቀዳዳ ይተው፣ ጉድጓዱም በተከራዩ ልክ ይቆፈር። ለ12 ሰው፣ በየ5 ዓመቱ ለማስመጠጥ፣ 3.6 ሜትር ኩብ ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። መሬቱ ውሃ የሚያነሳ ከሆነ ወደ ታች ከመቆፈር ወደ ጎን ማስፋት ወይም መጸዳጃውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

ጣሪያውም አይረሳ። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,800 ሊትር ውሃ ነው፤ ከዚህ 1,600 ያህሉ ወዲያው ከግቢ ይወጣል። ቀድሞ ሣር የነበረው መሬት ይህን ውሃ ጠጥቶ ቀስ ብሎ ይለቀው ነበር። አንድ ሺህ አዲስ ጣሪያ ማለት በአንድ ዶፍ 1,600 ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ጊዜ አዌቱ ውስጥ መልቀቅ ነው። ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን ደረቅ ቆሻሻ ጠራርጎ ቦዬ የሚያደርሰውም ይኸው ነው።

ገንዳ ያልደረሰው ቆሻሻ

በ2004 ዓ.ም ገደማ ለሕትመት የበቃ የጅማ ደረቅ ቆሻሻ ጥናት ከተማው በቀን 88,000 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚያመነጭ፣ በአማካይ በአንድ ሰው 0.55 ኪሎ ግራም እንደሚደርስ ለክቷል። ከመቶ 87 እጅ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ነው። ከነዋሪው የማዘጋጃ ቤት ገንዳ የሚጠቀመው 25 በመቶ ብቻ ነበር፤ 51 በመቶው በራሱ ምርጫ የትም ይጥላል፣ 22 በመቶው ያቃጥላል፣ ለግል ሰብሳቢ የሚሰጠው 2 በመቶ ነው። ድርሻውን በክብደት ብናስበው ከየቤቱ ከሚወጣው 76 ቶን ተኩል ያህል ውስጥ 39 ቶኑ በየቀኑ የትም ይጣል ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህም አድጓል።

ጥናቱ ውስጥ ሁለት ነገሮች ከሌላው የበለጠ ትኩረት ይገባቸዋል። አንደኛው፣ በዝናብ ወቅት የሚወጣው ቆሻሻ ከደረቁ ወቅት በ40 በመቶ ይበልጣል፤ የግብርና ምርቱ የሚትረፈረፍበት ጊዜ ነው። የበቆሎ እሸት ቆረቆንዳ፣ የአቮካዶ ፍሬ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የሸንኮራ ምጣጭ። ጋሪ ጭቃ ውስጥ የሚሰምጥበት፣ የሰብሳቢ ማኅበራት ልጆች ከውስጥ ለውስጥ መንገድ መውጣት የሚያቅታቸው ጊዜም ይኸው ነው። ቆሻሻው ሲበዛ የመሰብሰብ አቅም ያንሳል፤ ጎርፉም ያኔ ነው የሚመጣው። ዓመቱን ሙሉ እኩል የሆነ የስምሪት ዕቅድ ለጅማ አይሠራም። ከሰኔ እስከ መስከረም ተጨማሪ ምልልስ የማያስብ ዕቅድ ትርፉን ለወንዙ ይተወዋል።

ሁለተኛው፣ ቆሻሻው 54 በመቶ የሚበሰብስ ነው፤ እርጥበቱም 60 በመቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይነድም፤ ይጨሳል እንጂ። የሚያቃጥሉት ቤተሰቦች የሚያገኙት ፌስታሉ ቀልጦ ልጣጩ ሳይነድ የቀረበት፣ ለጎረቤት ሳል የሆነ ክምር ነው። ነገር ግን 60 በመቶ እርጥበት ለኮምፖስት የሚፈለገው መጠን ነው። 3.76 ሰው ያለው ቤት በቀን 1.1 ኪሎ ግራም ያህል የሚበሰብስ ነገር ያወጣል፣ በዓመት 400 ኪሎ ግራም።

ጅማ ላይ ኮምፖስት የሚሳካው የቡና ገለባ ስላለ ነው። የወጥ ቤት ትራፊ ብቻውን ሲከመር ይዘቅጣል፣ አየር ያጣል፣ ይሸታል፤ ጎረቤት ይቆጣና ሥራው በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል። 1 ሜትር በ1 ሜትር መደብ ላይ በመጀመሪያ 15 ሳንቲ ሜትር ጭራሮ አንጥፉ፤ አየር ከታች የሚገባው በእሱ ነው። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ትራፊ፣ 10 ሳንቲ ሜትር የቡና ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ በላዩ አንድ አካፋ አፈር፤ እንዲህ እየደራረባችሁ አንድ ሜትር አድርሱት። በየሁለት ሳምንቱ ገልብጡት። ከመሐሉ ዘግናችሁ ስትጨብጡት በጣት መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልኩ ነው፤ ከፈሰሰ ገለባ ጨምሩ፣ ከተበተነ ውሃ ርጩበት። ክምሩ ከተጀመረ በሦስተኛው ቀን እጅ የማያስገባ ሙቀት ካልያዘ ወይ ትንሽ ነው ወይ ደርቋል። በክረምት ሳይሸፈን የተተወ ክምር በአንድ ዝናብ ይበላሻል፤ አሮጌ ቆርቆሮ ከላይ መጣል ይበቃል። ሦስት አራት ወር ይፈጃል።

ጡብ፣ ባሕር ዛፍና ቦይ

እስካሁን የተነገረው ስለሚገባው ነው። አሁን ወደሚያንሰው እንምጣ።

በጅማ ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ዳር በበጋ የሸክላ ጡብ ይሠራል፤ ሥራ አጥ ወጣት የሚኖርበት ሥራ ስለሆነ በቀላሉ «ይከልከል» ማለት ተገቢ አይደለም። ስሌቱ ግን መታወቅ አለበት። 4 በ5 ሜትር የሆነች፣ ግድግዳዋ 3 ሜትር የሚቆም አንዲት ክፍል፣ በርና መስኮቷ ሲቀነስ 48 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ አላት። 25 በ12 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጡብ በ12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲደረደር በካሬ ሜትር 55 ይገባል፤ ለክፍሏ ከ2,600 በላይ ጡብ። ይህ ሲደርቅና ሲተኮስ የሚሸማቀቀው ታስቦ ከ5 ሜትር ኩብ በላይ ሸክላ አፈር ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ቢቆፈር፣ አንዲት ክፍል በተሠራች ቁጥር ከ5 ካሬ ሜትር በላይ የረግረግ ወለል ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል። ሰው «ረግረግ ወባ ያመጣል» ይላል፤ ነገሩ ሲጠና ሌላ መልክ አለው። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ አኖፊለስ አረቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ሣር በሌለው፣ ጥልቀት በሌለው ትንሽ ኩሬ ነው። ሣሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዓሣና የውሃ ተርብ ዕጭ ያለበት ነባር ረግረግ አይስማማትም፤ እዚያ ዕጮቿ ይበላሉ። አዲስ የተቆፈረ የጡብ ጉድጓድ ግን የሚበላት የሌለበት መዋኛዋ ነው። ስለዚህ ጡብ የሚያወጣ ማኅበር ከግማሽ ሜትር በላይ ባይቆፍር፣ የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጦ መልሶ ቢያለብሰው፣ ጉድጓዶቹንም ዓሣ እንዲገባባቸው በቀጭን ቦይ ከዋናው ውሃ ጋር ቢያገናኛቸው ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል፣ ትንኙም ይቀንሳል።

ከጡቡ የሚብሰው ግን ቀጥ ያለ ቦይ ነው። አካሄዱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ መጀመሪያ ዳሩ ላይ ከብት ይሰማራል፤ ቀጥሎ ውሃውን የሚያንጠፈጥፍ ቦይ ይቀደዳል፤ የደረቀው ላይ በቆሎ ወይም ጎደሬ ይተከላል፤ ከዚያ ባሕር ዛፍ ይመጣል፣ የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል፤ በመጨረሻ መሬቱ «ደረቅ ነው» ተብሎ ችካል ይመታበታል። ከቦዩ እስከ ችካሉ ጥቂት ዓመት ይበቃል።

42 ደቂቃ

ረግረግ ፍሳሽ የሚያጣራው በጊዜ ነው። ውሃው በሣሩ መሐል ሲንቀረፈፍ ደለሉ ይሰፍራል፣ ሥሩ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። መቆያው ከቀነሰ ማጣራቱ ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሄክታር ረግረግ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይዞ፣ 3,000 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 20 ሊትር ቢገባበት፣ በቀን 1,728 ሜትር ኩብ፣ ውሃው በአማካይ 1.7 ቀን ይቆያል። የሰው ቁጥር ዕጥፍ ሆኖ ፍሳሹም ዕጥፍ ቢሆን 0.87 ቀን። ፍሳሹ ዕጥፍ ሆኖ ረግረጉ ደግሞ ግማሽ ቢሆን 0.43 ቀን፣ ማለትም አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፤ መቆያው ወደ ሩብ ወረደ። «ይባዛሉ» ያልነው ይህን ነው።

አሁን በዚያው አንድ ሄክታር መሐል 1 ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት፣ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይ ይቀደድ። ቦዩ የሚይዘው 50 ሜትር ኩብ ነው። ያንኑ 20 ሊትር በሰከንድ ሲያሳልፍ ውሃው በ42 ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል። ሣሩ አለ፣ ወፉም አለ፤ ፎቶ ሲነሳ ያምራል። ማጣሪያው ግን ሥራ አቁሟል። ይህን የሠራው አንድ ሰው በአካፋ፣ በጥቂት ቀን ነው። በእኛ ግምገማ ቦዬን ለማዳን ከሁሉ የሚቀድመው እነዚህን ቦዮች መዝጋት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰውን ቁጥር መቀነስ የትውልድ ሥራ ነው፣ ፍሳሹን መቀነስ የዓመታት ሥራ ነው፣ ቦይ መዝጋት የአንድ በጋ ሥራ ነው።

ቦይ አዘጋግ

ጊዜው ጥርና የካቲት ነው፤ መጋቢት ከገባ ጅማ ላይ ዝናቡ ይጀምራል። ሥራው የሚጀመረው ግን በአካፋ አይደለም። ቦዩን የቀደደውና ከብት የሚያሰማራው ሰው ሳይስማማ የተሠራ ክትር በሌሊት ይፈርሳል። ለእሱ የሚበጀው ስምምነት ሣሩን እያጨደ ከብቱን በቤት እንዲመግብ፣ ቄጠማውንም ለበዓል ገበያ እንዲሸጥ የመጠቀም መብቱን በጽሑፍ መስጠት ነው።

የማዳበሪያ ጆንያ በሸክላ አፈር ይሞላል፤ አሸዋ ውሃ ያሾልካል። ቦዩ በ100 ሜትር ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ከሆነና ክትሩ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው በየ100 ሜትሩ ይበቃል ይባላል፤ በየ50 ሜትሩ ማድረግ ግን አንዱ ቢሰበር ሌላው እንዲይዝ ያደርጋል። ከላይ ወደ ታች ይሠራል። ጆንያዎቹ በግራና በቀኝ ዳሩን ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ መግባት አለባቸው። አብዛኛው ክትር የሚከሽፈው ውሃ በላዩ ዘሎ ሳይሆን በጎኑ ዞሮ ስለሚሄድ ነው። መሐሉም ከዳሮቹ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ጆንያ በፀሐይ ከአንድ ዓመት በላይ ስለማይቆይ፣ ቄጠማና ደንገል ከነሥሩ ተነቅሎ ወዲያው ከፊቱ ይተከል፤ ጆንያው ሲበጣጠስ ሥሩ ይረከበዋል።

ውሃው መሻሻሉን ለማየት ላቦራቶሪ መጠበቅ አያስፈልግም። ከላይኛው አዌቱና ከቦዬ መውጫ ድንጋይ እየገለበጡ በነጭ ሳህን ላይ ማጠብ ነው። ሦስት ጭራ ያለው የሜይፍላይ (ንጹሕ ውሃ የሚወድ በራሪ ነፍሳት) ዕጭ ከተገኘ ውሃው ኦክስጅን አለው። ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎች ብቻ ከሆኑ ኦክስጅኑ አንሷል፤ ቅላታቸው ኦክስጅን ባነሰበት የሚያኖራቸው ሄሞግሎቢን ነው።

ክትሩ መሥራቱን የሚናገረው ደግሞ ችካል ነው። ሁለት ሜትር የብረት ቱቦ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት ተደርጎበት፣ አንዱ በመግቢያው፣ አንዱ በመሐል፣ አንዱ በመውጫው ከግንቦት በፊት ይተከላል። በየሳምንቱ ሰኞና ከእያንዳንዱ ዶፍ በኋላ በየሰዓቱ ይነበባል። መግቢያው ላይ ውሃው ከፍ ካለ በኋላ መውጫውም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ተከትሎ ከፍ ካለ፣ ያልተዘጋ ቦይ አለ፤ ተመልሶ መፈለግ ነው። መውጫው እስከ ማግስቱ ከዘገየ ውሃው በሣሩ መሐል እያለፈ ነው።